የደላው ሰው ምን ይጠየቃል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ በቀስ ይቀንሳል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሥነ ምግባር ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ በሩ ተቆልፎ፣ ልጆቹ ጠግበው የተኙለት ሰው፣ እንዲህ ተደላድሎ በመኖሩ ብቻ የሚጠየቅበት ነገር አለ ወይ? አልሰረቀም። ማንንም አልገፋም። ላቡን አንጠፍጥፎ ያገኘውን ነው የሚበላው። ታዲያ የማን ዕዳ አለበት?

«የማንም ዕዳ የለበትም» ብሎ ራዲዮኑን መዝጋት ይቻላል። እኔ ግን ከመዝጋታችሁ በፊት ወደ 1965 ዓ.ም. ወሎ ልውሰዳችሁ።

የ1964 ክረምት ወሎ ላይ እንደ ወትሮው አልዘነበም። ገበሬው «በልጉ ይክሰናል» ብሎ ጠበቀ፤ የ1965 በልግም ከዳው። በሬው ተሸጠ፣ ከዚያ የዘር እህሉ ተበላ፣ ከዚያ የቤቱ ክዳን እንጨት ሳይቀር ለማገዶ ወጥቶ ተሸጠ። መጨረሻ ላይ የቀረው መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል አስመራ የሚደርሰው አውራ ጎዳና ወሎን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ረሃብተኛው ከየመንደሩ ወርዶ በዚያ መንገድ ዳር ተኮለኮለ። አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መሆኑን የሚጠራጠር ግን የለም፤ ከመቶ ሺህ በላይ የሚያደርሱትም አሉ።

አሁን በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ደኅና ሰው ነው። ሚስት አለችው፣ ሦስት ልጆች አሉት፣ የሠፈሩ ዕድር ዳኛ ነው። ወር ሲደርስ መርካቶ እህል በረንዳ ወርዶ አስቤዛውን ይገዛል። ጠዋት ጠዋት ሻዩን በሁለት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ ሥራ ይገባል። ይህ ሰው ስለ ወሎ አልሰማም እንበል። በእውነትም ላይሰማ ይችላል፤ ጋዜጣው አይጽፍም፣ ራዲዮኑም አይናገርም። (የራዲዮ ሰው ሆኖ ይህን መናገር ትንሽ ያሳፍራል።)

ይህ ደኅና ሰው ከወሎ ረሃብ ጋር ምን አገናኘው?

አማርትያ ሴን የሚባል ሕንዳዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ አለ። በልጅነቱ የ1943 እ.ኤ.አ. የቤንጋልን ረሃብ በዓይኑ አይቷል፤ በኋላም፣ በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ኖቤል ተሸልሟል። ይህ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሰጠው ለኛው አገር ነው። መዝገብ አገላብጦ ያገኘው ነገር ብዙዎችን አስደነገጠ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ከተለመደው የቀነሰው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ይበልጥ የሚገርመው የደሴ ገበያ ነው። ሕዝብ በረሃብ በሚያልቅበት ወቅት፣ ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ከቀደሙት ዓመታት ብዙም ከፍ አላለም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሰው ሲራብ እህል ይወደዳል ብለን ነው የምናስበው። እህል የሚወደደው ግን የተራበው ሰው ብር ይዞ ገበያ ሲወጣ ነው። የወሎ ገበሬ የሚበላው ከማሳው ነበር፤ ማሳው ሲደርቅበት እህሉንም፣ እህል የሚገዛበትንም በአንድ ጊዜ አጣ። ባዶ ኪስ ደግሞ ዋጋ አያስወድድም። ነጋዴው የሚያየው ሆድ ሳይሆን ኪስ ነው፤ ኪስ ያለው አዲስ አበባና አስመራ ነበር። ስለዚህ ረሃቡ በጸናበት ጊዜ እንኳ ከወሎ ወደነዚህ ከተሞች እህል ይወጣ እንደነበር ሴን ጽፏል። በዚያው ጎዳና፣ በረሃብተኞቹ ፊት።

የጸሐፊያችን አስቤዛ የተወሰነው ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዋጋው ስላልናረበትም የሚጠይቀው ነገር አልነበረም።

ስኳሩስ? ሸሚዙስ? በወሎ ረሃብ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ የአፋር ከብት አርቢ ነው። አፋር በደረቅ ወራት መንጋውን ይዞ የሚወርደው ወደ አዋሽ ዳር ነበር፤ በረሃው ሲነድ ለምለም ሣር የሚገኝበት ብቸኛው ቦታ ስለሆነ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያ የወንዝ ዳር መሬት እየተሸነሸነ ለትልልቅ እርሻዎች ተሰጠ። ታችኛው አዋሽ ተንዳሆ ላይ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ አለማ። ላይኛው አዋሽ ወንጂና መተሐራ ላይ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ሸንኮራ ተከለ፤ እዚያ የተገፋው ደግሞ የከረዩና የጂሌ ኦሮሞ ነው። ዝናብ እስካለ ድረስ ጉዳቱ ጎልቶ አልታየም። ድርቁ ሲመጣ መንጋው የሚሸሽበት ቦታ አጣ። ከብት አለቀ፤ የተረፈው ከሳና ዋጋው ወደቀ፤ አንድ በግ ሸጦ የሚገዛው እህል ከወትሮው እጅግ አነሰ። አፋር የሞተው በድርቅ ብቻ ነው ማለት እውነቱን በግማሽ መናገር ነው።

ጸሐፊው ወንጀለኛ ነው እያልኩ አይደለም። ሻይ መጠጣት ኃጢአት ከሆነ የሚጸድቅ የለም። የምለው ሌላ ነው። ድሎት ጥያቄ የሚያስከትለው ሆድ ስለሚሞላ ሳይሆን፣ የሞላውን ሰው ከየት እንደሞላለት ሳያይ እንዲኖር ስለሚፈቅድለት ነው። ድሃ እንዲህ ያለ ፈቃድ የለውም። የእህል ዋጋ ሃምሳ ሳንቲም ሲጨምር ምክንያቱን ያውቃል፤ ሳያውቅ ቢቀር ልጁ ጦሙን ያድራል። አለማወቅ የሚቻለው ሲመች ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ለነገሩ «አልሰማንም» የሚለው ምክንያትም እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው። በአውቶቡስ ያለፈ ሰው በመስኮት አይቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በ1965 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ለተማሪው አሳዩ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየና የወሎ ወሬ ዓለምን አዳረሰ። የደሴ ነገር በለንደን ቴሌቪዥን ታይቶ በአዲስ አበባ ያልታየበት ጊዜ ነበር ማለት ነው! ያው ፊልም በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ የቤተ መንግሥት ግብርና ድግስ ከረሃብተኛው ጋር እየተፈራረቀ ተቀናብሮበት። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ተመልካቹ በቤተ መንግሥቱ ተቆጣ፤ መቆጣቱም ተገቢ ነው። ግን ፊልሙን ያቀናበረው ደርግ የከተሜውን ገበታ አላሳየም፤ ብልጠቱም እዚያ ላይ ነው። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1977፣ ያው ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ሲያከብር ኮረምና መቀሌ በረሃብ ምን ላይ እንደነበሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ከወሎ ጋር በአንድ ወቅት፣ በ1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ፒተር ሲንገር የተባለ ወጣት አውስትራሊያዊ ፈላስፋ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። የጻፈው ከምሥራቅ ቤንጋል፣ ከዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ተሰደው ስለወጡት ዘጠኝ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነው። ክርክሩ ቀላል ነው። በመንገድህ ስታልፍ ጥልቀት በሌለው ኩሬ ውስጥ ሕፃን እየሰጠመ ብታይ፣ ልብሴ ይጨቀያል ብለህ ታልፋለህ? አታልፍም። ታዲያ ሕፃኑ አጠገብህ ስላልሆነ፣ ባሕር ማዶ ስለሆነ፣ ግዴታው የሚቀረው በምን ሒሳብ ነው? ርቀት የእግር ጉዳይ እንጂ የሕሊና ጉዳይ አይደለም ባይ ነው። ከዚህም አልፎ፣ ለቅንጦት የምናወጣውን ገንዘብ ለተቸገረ መስጠት ግዴታ እንጂ እንደ ቸርነት የሚመሰገን ነገር አይደለም አለ።

ብዙ ፈረንጅ በዚህ ክርክር ተደናግጧል። እኛ ያን ያህል የምንደነግጥ አይመስለኝም። ሙስሊሙ ዘካ ሲያወጣ፣ ዓመት ከሞላው ገንዘቡ ከመቶ ሁለት ተኩል ሲሰጥ፣ የድሃውን ሐቅ አደረስኩ ይላል እንጂ ቸር ነኝ አይልም። በክርስቲያኑም ዘንድ ጦም ማለት ምሳን ለማታ ማሸጋገር አይደለም፤ ያልተበላው ምሳ ለነዳያን እንዲደርስ ነው የታዘዘው። ገጠር ውስጥ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው ማን ነህ፣ ከየት ነህ ሳይሉ ማስገባት ደንብ ነበር። ስለዚህ የሲንገር ሐሳብ ለኛ አዲስ ነው ብዬ አላቀርበውም። የሚያከራክረኝ ሌላ ቦታ ላይ ነው።

የሲንገር ሕፃን ኩሬ ውስጥ የገባው በራሱ ነው። መንገደኛው ከአደጋው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ንጹሕ ሆኖ መጥቶ፣ አዳኝ ሆኖ ይሄዳል። በወሎ ያየነው ግን እንዲህ አይደለም። ጸሐፊው፣ ገበሬውና ከብት አርቢዎቹ አስቀድሞም በአንድ ክር የተያያዙ ናቸው፤ በእህሉ፣ በስኳሩ፣ በጥጡ። እንዲህ ሲሆን የሚጠየቀው «ምን ልስጥ?» ተብሎ ብቻ አይደለም። «የሚገባውን ከፍያለሁ ወይ?» የሚል ጥያቄ ይቀድማል፤ ከምጽዋት ይልቅ የሚከብደውም እሱ ነው። የጠገበ ለተራበ አንጎቻ ይጋግራል ይላል የአገራችን ሰው፤ መስጠትን ሲንቅ አይደለም፣ ሰጪው በመስጠቱ ምንም እንዳልጎደለበት ሲታዘብ ነው። ምጽዋት የእኛን ኑሮ ባለበት ይተወዋል። ተገቢ ዋጋ መክፈል ግን ኑሯችንን ይነካዋል።

ይህን ከታሪክ አውጥተን ወደ ራሳችን ቤት እናስገባው፤ በቀጥታ ወደ ማዕድ ቤት።

ከገጠር የመጣች፣ በደላላ የተገኘች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ምድጃ ትለኩሳለች። ቁርስ፣ የልጆች ምሳ ዕቃ፣ ዩኒፎርም መተኮስ፣ ሰርቪስ ድረስ መሸኘት። ከዚያ እጥበት፣ ጽዳት፣ ምሳ። ማታ የመጨረሻው ሳህን ታጥቦ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ በር ተዘግቶ፣ ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ፍራሿን የምትዘረጋው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። «እትዬ፣ እሑድ አክስቴ ጋ ደርሼ ልምጣ?» ብላ ለመጠየቅ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ስትመርጥ ትከርማለች፤ እትዬ የሚስቁበትን ሰዓት እየጠበቀች።

እትዬ ክፉ ሴት አይደሉም። በግል ድርጅት የሚሠሩ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ በመደበኛነት አይሠሩም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አላቸው። ሲወልዱ 120 ቀን ያርፋሉ። ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከራሱ ያወጣና የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይገዛል ይላል። እትዬን የሚጠብቀው ሕግ ከሳሎኑ አልፎ ማዕድ ቤት አይገባም። እትዬ ስምንት ሰዓት ብቻ ሠርተው የሚያርፉት ደግሞ ማዕድ ቤት ያለችው ልጅ አሥራ ስምንት ሰዓት ስለምትቆም ነው።

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ወረርሽኙ ሲደረብበት፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ እያወረዱ ሄዱ። ልጆቹ ሌሊቱን አስፋልት ላይ ሲያድሩ የሚያሳየውን ምስል ያላየ የለም። ሁላችንም ተቆጣን፤ እኔም ተቆጥቼ በዚሁ ማይክሮፎን ተናግሬያለሁ። ፓስፖርት መቀማቱን፣ ዕረፍት መከልከሉን፣ ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ መቀየር አለመቻሉን፣ ካፋላ የሚሉትን አሠራር በሙሉ አወገዝን። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የቁጣችን መለኪያ ያለቀን በገዛ አገራችን በር ላይ ሲደርስ ነው? መታወቂያዋ እትዬ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠባት፣ የሦስት ወር ደመወዟ «እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» የተባለባት ልጅ ዛሬ ማታ በየሠፈሩ አለች። ይህን የሚያደርግ ቤት ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ አንዳንዱ በእርግጥ ሊጠብቅላት ብሎ ነው። የቤይሩቷም እመቤት ያንኑ ነበር የምትለው።

የምሽት ዘበኛም እንዲሁ ነው። እኔ በምኖርበት ግቢ የዘበኞቹን ደመወዝ ለመጨመር ከየቤቱ ትንሽ ብር እንዲዋጣ ሐሳብ ቀረበና ስብሰባ ላይ ስብሰባ ተደረገ። አልተሳካም፤ ኑሮ ተወደደ ተባለ። በዚያው ሰሞን ለካሜራ መግጠሚያ የተጠየቀው ከዚያ የበዛ ገንዘብ ያለ ክርክር ጸደቀ። አንዲት እናት ብቻ እጃቸውን አውጥተው፣ «ካሜራው ሌባውን ያሳየናል እሺ፤ ሮጦ የሚይዘው ግን ይኸው ጋቢ የለበሰው ሰውዬ አይደለም እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ፤ አጀንዳው አለፈ። ያ ሰው በሐምሌ ዝናብ ከአራት ቆርቆሮ በተሠራች ጎጆ ውስጥ እግሩን ካርቶን ላይ አድርጎ ያድራል። ኤጀንሲው ለእሱ ብለን ከምንከፍለው ላይ የድርሻውን ቆርጦ ነው የሚሰጠው፤ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ከነዋሪው የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ደኅንነት ከሚገዛ ነገር ሁሉ ርካሹ የሆነው ለምን እንደሆነ መልሱ ያለው እዚያ ደረሰኝ ላይ ነው።

አንዳንድ አድማጮች በልባችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። «እኔ ራሴ የወሩን ጫፍ በብድር ነው የማገናኘው፤ የደላው ሰው ማነው?» ትላላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የደላው ሲባል ባለ ፎቁን፣ ባለ መኪናውን ብቻ እያሰብን ራሳችንን እናወጣለን። ድሎት ግን አንጻራዊ ነው፤ ሠራተኛ የቀጠረ ሰው በዚያች ልጅ ፊት ባለጸጋ ነው፣ ቢበደርም። ደግሞም ሁሉንም ችግር አንድ ቤተሰብ ይሸከም ማለት ግፍ ነው። ሲንገርን ብዙ ሰው የሚሞግተው እዚህ ላይ ነው፤ የዓለም ችግር ማለቂያ ስለሌለው የሚሰጥ ሰው የቱ ጋ ያቁም? እኔም ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ለማላውቀው ሰው ስንት ልስጥ የሚለው ጥያቄ ሲያከራክር ይኖራል። እንጀራዬን የጋገረችልኝ፣ በሬን የጠበቀልኝ ሰው ግን የማላውቀው ሰው አይደለም፤ ከየት ልጀምር ለሚል ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ አሠሪ የሆናችሁ አድማጮች ይህን ዛሬ ማታ ልትነጋገሩበት ትችላላችሁ። ደመወዟ በወሩ ቀን በእጇ ወይም በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ይግባ፤ መታወቂያዋም እሷው ጋ ይሁን። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምና የማታገኘው፣ አስቀድሞ የታወቀ ዕረፍት ይኑራት፤ የዚያን ቀን ሳህን ማን እንደሚያጥብ ቤተሰቡ ተራ ያውጣ። እዚህ ላይ ጋሼም አሉበት። ሥራው፣ ሰዓቱና ክፍያው በወረቀት ይስፈር፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ማንበብ የማትችል ከሆነ ምስክር ባለበት ይነበብላት። የማታ ትምህርት መማር ከፈለገች ደግሞ፣ የአዲሱ ዓመት ምዝገባ ሲቃረብ አብራችሁ ሂዱና አስመዝግቧት። ትምህርቱ የሚጀምረው እራት በሚቀርብበት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር ይፈጥራል፤ እራት ወደ 3 ሰዓት መገፋት ይኖርበታል፣ ወይም ሌላ ሰው ያቀርባል። ሐሳባችሁንና ከቤታችሁ የገጠማችሁን በደብዳቤና በስልክ አድርሱን፤ በሚቀጥለው ሳምንት የተወሰኑትን እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)